ብዙ የተሰማ ሁሉ ብዙ የተወደደ ነውን?

ሰው የሚወደውን ዘፈን በገዛ ጆሮው የመረጠ ይመስለዋል። ጆሮው የራሱ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ዘፈኑ ወደ ጆሮው ከመድረሱ በፊት በብዙ ሰዎች እጅ አልፏል። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ዜናና ማስታወቂያ ሳያሰማ ሌሊትና ቀን ዘፈን ብቻ ቢያስተላልፍ፣ እያንዳንዱ ዘፈን አራት ደቂቃ ቢወስድ፣ በአንድ ቀን ሊያሰማ የሚችለው 360 ዘፈን ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይሆናል። መምረጥ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው መራጩ የዜማውንና የግጥሙን ብቃት ትቶ የዘፋኙን ዘር፣ ቋንቋ ወይም የተወለደበትን ስፍራ የመዘነ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ በመካነ ሰላም ከተማ ወይም በአካባቢው ባሉ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋዎች ለሚኖር ተማሪም የቅርብ ጉዳይ ነው። ሬዲዮው ሲከፈት የሚሰማው ዘፈንና በደቦ፣ በሠርግ ወይም በመንዙማ ላይ የሚሰማው ዜማ አንድ ላይሆን ይችላል። ተማሪው የመጀመሪያውን «ሙዚቃ»፣ ሁለተኛውን ግን «የባላገር ነገር» ብሎ መጥራት ቢጀምር፣ ይህን ፍርድ ከወዴት እንዳገኘው መጠየቅ ይገባዋል።

ዘፈን ወደ ሕዝብ ለመድረስ ሦስት በሮችን ያልፋል። እነርሱም የመቀረጽ፣ የመመደብና የመቆጠር በሮች ናቸው። አድልዎ በእነዚህ በሮች በኩል እንዴት እንደሚገባ ቀጥሎ በየተራ እንመለከታለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው በር መቀረጽ ነው። ያልተቀረጸ ዘፈን ከተዘፈነበት ስፍራ አይርቅም። በአገራችን ይህ በር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሐ እሸቴ ይህን ገደብ ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። ከዚያ በኋላ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አወጣ። በሩ በትንሹ ሲከፈት ምን ያህል ሀብት ውጭ ቆሞ ይጠባበቅ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የተከፈተው በር ለሁሉም እኩል አልሰፋም። የአንዱ ትንሽ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ነው። በማሲንቆ እየታጀበ፣ የታዳሚውን ፊት እያየ፣ ግጥም በቦታው እየፈጠረ ለሚያስረዝም አዝማሪ ይህ ልክ አይመቸውም። ቋንቋም በሩን ያጠብብ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የተቋቋመው አፍራን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን በኦሮምኛ ይዘፍን ስለ ነበር በጊዜው ከነበሩት ባለሥልጣኖች ጫና ደርሶበት ታግዷል። ከቡድኑ ወጣቶች አንዱ የነበረው ዓሊ ቢራ ግን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሠራ፤ በ2022 እስካረፈበት ጊዜም ከአገሪቱ ታላላቅ ድምፃውያን አንዱ ሆኖ ኖረ። እንግዲህ አስቀድሞ የጎደለው የዘፋኙ ችሎታ አልነበረም።

ሁለተኛው በር መመደብ ነው። ዘፈን ሁሉ ስም ይሰጠዋል፤ ስሙም የሚቀመጥበትን ስፍራ ይወስናል። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የምትሆነን አሜሪካ ናት። በዚያ የሚታተመው ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት የዘፈኖችን ደረጃ በሰንጠረዥ ያወጣል። በ1940ዎቹ መጽሔቱ የጥቁሮችን ዘፈን ለብቻው «የዘር ሸክላዎች» በሚል ስም ይመድብ ነበር፤ ስሙን በ1949 «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» ብሎ ለወጠው። ስሙ ቢለወጥም ክፍፍሉ አልጠፋም። ሊትል ሪቻርድ የተባለው ጥቁር ዘፋኝ «ቱቲ ፍሩቲ» የተባለውን ዘፈን በ1955 አወጣ። ወዲያውኑ ፓት ቡን የተባለ ነጭ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ደግሞ ዘፈነው። በ1956 በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ላይ የፓት ቡን ቅጂ እስከ 12ኛ ደረጃ ሲደርስ፣ የባለቤቱ የሊትል ሪቻርድ ግን ከ17ኛ አላለፈም። ዜማው አንድ ነበር፤ የተለየው የዘፋኙ መልክ ነበር።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው እንዳይባል በ2019 የሆነውን እንመልከት። ሊል ናስ ኤክስ የተባለው ጥቁር ወጣት «ኦልድ ታውን ሮድ» የተባለውን ዘፈኑን ሲያወጣ፣ ቢልቦርድ ዘፈኑን ካንትሪ ከሚባለው የባላገር ዘፈን ሰንጠረዥ አስወጣው። ምክንያት ያደረገው ዘፈኑ የዘመኑን የካንትሪ ጠባይ በበቂ አልያዘም የሚል ነበር። ብዙዎች ግን የዘፋኙ ቀለም በውሳኔው ውስጥ የለበትም ወይ ብለው ጠየቁ። ያው ዘፈን በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ላይ ለ19 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

በእኛም ዘንድ መመደብ የራሱ መዘዝ አለው። ዘፈን «ዘመናዊ»ና «ባህላዊ» ተብሎ ይከፈላል። ነገር ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። ከእነዚህም ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። አንዱን የትዝታ ዜማ በሳክስፎንና በፒያኖ ቢያጅቡት ዘመናዊ፣ በማሲንቆ ቢያጅቡት ባህላዊ ይባላል። ባህላዊ የተባለው በዓል ሲመጣ ብቻ የሚታወስ ከሆነ፣ ስሙ ክብር መሆኑ ቀርቶ አጥር ይሆናል። «አዝማሪ» የሚለው የሙያ መጠሪያ እንደ ስድብ ሲነገር መኖሩም የዚሁ ንቀት ልጅ ነው። ከዚህ አጥር አልፈው የወጡ አሉ። በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የነበረችው ማሪቱ ለገሠ አምባሰልንና ትዝታን በማዜም በመላው አገሪቱ ታውቃለች። ነገር ግን የጥቂቶች ማለፍ አጥሩ የለም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው በር መቆጠር ነው። ቁጥር አያዳላም ይባላል፤ ቆጣሪው ግን ሊያዳላ ይችላል። ቢልቦርድ እስከ 1991 ድረስ የአልበሞችን ደረጃ የሚያወጣው የሸክላ ቤት ሠራተኞች በሚሰጡት ቃል ላይ ተመሥርቶ ነበር። በዚያ ዓመት በእያንዳንዱ ሽያጭ በመሣሪያ የተመዘገበውን መቁጠር ሲጀምር፣ ቀድሞ ዝቅ ብለው ይታዩ የነበሩት የራፕና የካንትሪ አልበሞች በድንገት ከፍ አሉ። አድማጩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠባዩን አልለወጠም፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ የዘፈን ዝና በአብዛኛው የሚለካው በኢንተርኔት ስንት ጊዜ ታየ ተብሎ ነው። ይህም መለኪያ የሚቆጥረው ስልክና ኔትወርክ ያለውን ሰው ነው። በቦረና ወይም በአማራ ሳይንት ደጋ ላይ ለአጫጆች ዜማ የምታወርድ እናትና እርሷን ተቀብለው የሚያዜሙት ሁሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ሦስቱ በሮች ተያይዘው አዙሪት ይፈጥራሉ። ያልተቀረጸው አይሰማም፤ ያልተሰማው አይወደድም፤ ያልተወደደውም «ፈላጊ የለውም» ተብሎ ሳይቀረጽ ይቀራል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ ያልሰሙትም ዜማ አይናፍቅም። ስለዚህ «ሕዝቡ የሚወደው ይህን ነው» የሚል ሰው ሕዝቡ ከምን መካከል እንዲመርጥ እንደ ተፈቀደለት አብሮ መናገር አለበት።

አድልዎን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ። አንደኛ፣ ምርጫውን ያደረገው ማን ነው? ሁለተኛ፣ መለኪያው ለሁሉም አንድ ነውን? ሦስተኛ፣ ሳይቆጠር የቀረው ማን ነው? ይህን ሳያጣሩ ብዙ የሚሰማውን ሁሉ በአድልዎ መክሰስ ግን ሌላ አድልዎ ነው። በሬዲዮ አዘውትሮ የሚሰማ ዘፈን በእርግጥ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ያልተሰማም ሁሉ ተበድሏል ማለት አይደለም።

የሬዲዮ ጣቢያን ምርጫ መለወጥ በአንድ ተማሪ ኃይል የሚሆን አይደለም። የመጀመሪያውን በር መክፈት ግን ከአቅም በላይ አይደለም። በመንደሩ ያለን አንድ ዜማ ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቆ መቅረጽ፣ ግጥሙን በትክክል መጻፍ፣ መቼና በምን ሥራ ላይ እንደሚዜም መመዝገብ ይቻላል። እንዲህ የተመዘገበ ዜማ ቢያንስ ለመመዘን ይበቃል። መመዘን የቻለ ደግሞ ወይ ይወደዳል፣ ወይ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ግን ፍርዱን የሚሰጠው ጆሮ ይሆናል።