ብሬከሩ የማያየው ሙቀት

ስለ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ምክር የሚጠይቁ ሰዎች በአብዛኛው የሚያነሱት አንድ ችግር ነው፦ «ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ምን ይሻላል?» መልሱም ከጎረቤትም ከዕቃ መሸጫውም ተመሳሳይ ነው፦ «ባለ 16ቱን አውጣና ባለ 32 ግጠምበት።» ከዚያ በኋላ በእርግጥም ብሬከሩ አይወርድም። በዚህ ዘርፍ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ ግን ከዚህ የከፋ አላውቅም።

የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,800 ዋትን ለ220 ቮልት ብናካፍል ከ17 አምፔር በላይ ይመጣል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኮረንቲ ሽቦውን ያሞቀዋል፤ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ግድግዳ ውስጥ በቧንቧ የተዘረጋ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ እንደ አዘረጋጉ ከ20 እስከ 24 አምፔር ገደማ ይችላል። ከዚያ ካለፈ የፕላስቲክ ልባሱ ሊቋቋመው ከሚገባው 70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ እየደረቀ ይሰነጠቃል።

ባለ 32 ብሬከር ደግሞ 36 አምፔርን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይወርድ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ምጣዱ ላይ ስቶቭ ተጨምሮ ኮረንቲው እዚያ ሲደርስ ያው ገመድ ከአቅሙ ከእጥፍ በላይ ሙቀት ይሸከማል፤ ብሬከሩም ዝም ይላል። የብሬከር መጠን የሚወሰነው ግድግዳ ውስጥ ባለው ገመድ ውፍረት ነው። ምጣዱ ብዙ ስለሚፈልግ ብሬከሩን ማሳደግ ጠባቂውን ማሰናበት ነው።

ብሬከሩን በትክክል የመረጠ ሰው እንኳ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸኛው ነው። ብሬከር የሚለካው ኮረንቲን ብቻ ነው። በውስጡ ሲሞቅ የሚታጠፍ ጥምር ብረት አለ፤ ጭነቱ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ መስመሩን ይቆርጣል። ኮንታክት ሲፈጠር ደግሞ የሽቦ ጥቅልሉ ማግኔት ሆኖ በቅጽበት ይጥለዋል። የላላ መጋጠሚያ ግን ከሁለቱም ያመልጣል።

ሁለት ብረቶች ለዓይን የተጣበቁ ቢመስሉም በእውነት የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ነው፤ እነዚያን ነጥቦች የሚያሰፋው የብሎኑ ግፊት ነው። ብሎኑ ሲላላ ኮረንቲው በጠባብ ቦታ ለማለፍ ይገደዳል። መጋጠሚያው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር፣ በ16 አምፔር 25 ዋት ያህል ሙቀት በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ይፈጠራል። የስልክና የሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት መበየጃም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ሙቀቱ ብረቱን ያዝጋል፤ ዝገቱ ኮረንቲ ማለፍን ይበልጥ ያስቸግራል፤ ያ ደግሞ መልሶ ያሞቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን የመስመሩ ኮረንቲ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብሬከሩ የሚወርድበት ምክንያት የለውም።

ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን የምቃወመው ለዚህ ነው። ናስትሮ እጅን ከሽቦው ይከልላል እንጂ መጋጠሚያውን አያጠብቅም። አንዱ ሽቦ አሉሚኒየም፣ ሌላው መዳብ ከሆነማ ይብሳል፤ አሉሚኒየም ቶሎ የሚሸፈንበት የኦክሳይድ ሽፋን ኮረንቲ አያሳልፍም። ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምክር የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚያየው አለ። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት ስንት ነው? በገመዱ ልባስ ላይ የታተመው ቁጥርና የብሬከሩ አምፔርስ? እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ የሶኬቱ ራስ እጅ የማያስችል ትኩስ ነው? ሶኬቱ ቡናማ ሆኗል? የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ምጣዱ ሲበራ አምፖሎች ይፈዛሉ? እነዚህን ይዞ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ግማሹን ሥራ በቃል ሊጨርስለት ይችላል። «መብራቱ ያስቸግራል» ብቻ ለሚል ሰው የሚሰጥ ምክር ግን ግምት ነው።

የአምፖል መያዣ ወይም የተሰበረ ሶኬት መቀየር ጠንቃቃ ሰው የሚችለው ሥራ ነው፤ ዋናው ብሬከር ከወረደና በቴስተር ከተረጋገጠ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን መጀመሪያ ኮረንቲ ባለው ሶኬት መሞከር ያሻል፤ የማይበራ ቴስተር የተበላሸም ሊሆን ይችላልና። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አጥፍቶ አምፖል መያዣ መንካት አይገባም። አንዳንድ ቤት ውስጥ ማጥፊያው ኒውትራሉን ስለሚቆርጥ ፌዙ መያዣው ላይ እንዳለ ይቀራል። ከዋናው ብሬከር በላይ ያለው ሽቦ ሁልጊዜ ኮረንቲ አለበት፤ የታሸገው ቆጣሪ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። እነዚህን ማንም በራሱ መነካካት የለበትም።

ለምጣድ አዲስ መስመር መዘርጋትም የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው። ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ ለብቻው የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ ባለ 25 ብሬከርና ያን ጭነት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ ቢጠየቅ ይበቃል። የተለመደው ክብ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ስለሆነ፣ ዘወትር ከ17 በላይ ቢጫንበት ቀስ በቀስ ይበላሻል።

በዚያው ቀን አርሲዲ የሚባለውን መከላከያም ማስገጠም ይገባል። የሰው ሰውነት ተቃውሞ 1,000 ኦም ያህል ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚያልፍበት 0.22 አምፔር ልብን ለማቆም ይበቃል፤ ለባለ 16 ብሬከር ግን ምንም አይደለም። አርሲዲ በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ቢበዛ በ0.3 ሰከንድ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየጊዜው መጫን ጥሩ ነው። ቁልፏ የምትፈትሸው ግን መሣሪያውን ብቻ ነው። መሬት የተቀበረው የኧርዝ ዘንግ መሥራቱን ለማወቅ ባለሙያው ሳይሄድ በመሣሪያ እንዲለካው መጠየቅ ያስፈልጋል።