ስለ ጥንት ልብስና ስለ እንኳን አደረሳችሁ ካርድ

በእንቍጣጣሽ ጧት ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ በወረቀት ሥለው ለየጎረቤቱ ሲያድሉ ያላየ አንባቢ አይኖርም ብዬ እገምታለሁ። ይህ የአገራችን የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ነው። ባለፈው ዓመት የፎቶግራፍ ክበባችን ካርድ አዘጋጅቶ በመሸጥ በገንዘቡ ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት ለመግዛት ባሰበ ጊዜ፣ አበባውን ለታናናሾቻችን ትተን፣ ሰዎችን የጥንት ልብስ አልብሰን ፎቶግራፍ ለማንሣት ቈረጥን። ሥራው እንዴት እንደሚሠራና እኔም የት ላይ እንደ ተሳሳትሁ በዚህ ጽሑፍ ልግለጽ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረችው በ48 ዓመቷ ካሜራ በስጦታ ካገኘች በኋላ ነው። ባለቅኔው ቴኒሰን ስለ ንጉሥ አርተር ለጻፈው ግጥም ሥዕል ታዘጋጅለት ዘንድ ስለ ጠየቃት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ዘመዶቿንና ወዳጆቿን የጥንት ልብስ እያለበሰች አነሣቻቸው። ባሏን ጠቢቡን መርሊንን አደረገችው። ንጉሥ አርተር ይሆናት ዘንድ የመረጠችው ሰው ግን በመርከብ ማረፊያ ዕቃ ተሸካሚ ነበረ። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው መድኀኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ስለ ሆነ፣ ይህ ተሸካሚ ንጉሥ ለደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ዛሬ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚነሣ፣ የምናነሣው ልጅ መሣቅም መቀለድም ይችላል፤ ይህ ግን ለሥራው ጥቅም ብቻ ያለው አይመስለኝም።

እኛ የመረጥነው የዐድዋን ዘማች ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተ አንድ ስመ ጥር ጀግና ለምድ፣ ጋሻ፣ ጦርና ጎራዴ ያስፈልገዋል። ከገበያ የሚገኘው ለምድ በዐይን ሲያዩት ያምራል፤ በፎቶግራፍ ላይ ግን አዲስነቱ ወዲያው ይታወቅበታል። ስለዚህ እማማ እያልን የምንጠራቸውን አንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን የአያታቸውን ለምድ ያውሱን ዘንድ ለመንኋቸው። ለምድ ማንም እንደ ፈቀደ የሚለብሰው አልነበረም፤ በጦር ሜዳ ጀግንነት ለሠራ ሰው የሚሸለም የክብር ልብስ ነው። እማማም፣ «ልጄ፣ ይህ በደም የተገኘ ነው፤ መጫወቻ አይደለም» አሉኝ። ሦስት ቀን ተመላለስሁ፤ ሦስቱንም ቀን በእልፍኛቸው ተቀምጬ ቡና ጠጣሁ። በአራተኛው ቀን ከሣጥናቸው አውጥተው፣ አቧራውን በእጃቸው አራግፈው ሰጡኝ።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል። ነጭ ሸማ ለካሜራ ትልቅ ፈተና ነው። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ሲቀንስ የሰውዬው ፊት ይጠቍራል፤ ለፊቱ ብለን ብርሃኑን ብንጨምር ደግሞ የሸማው ፈትልና ጥለት ጠፍቶ እንደ ወረቀት ይሆናል። መድኀኒቱ ሰውዬውን ከፀሐይ አውጥቶ በጥላ ሥር ማቆም ነው። እኛ ከጧቱ በ2 ሰዓት፣ ከአንድ የጭቃ ግድግዳ አጠገብ አቆምነው። የጋሻው ብር ያብረቀርቅ ስለ ነበረ ጋሻውን በጥቂቱ ወደ ጎን መለስነው። ሰዓቱንና ጫማውን አስወለቅነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከኋላው እንዳይታይም ሁለት ጊዜ ቦታ ለወጥን።

በዚያው ቀን አንዲት የክፍላችንን ልጅ ነጠላ አልብሰን አነሣናት። ጥለቱ ከፊቷ አጠገብ ቢሆን ያምራል ብለን ነጠላውን ገልብጠን አንገቷ ላይ አዞርነው። እናቷ ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ እንዲህ ዘቅዝቆ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው። ለአዲስ ዓመት መርዶ ልንልክ ኖሯል! ይህንስ በጊዜው አረምነው።

የኔው ስሕተት ግን ሳይታረም ማተሚያ ቤት ገባ። ዘማቹ በሥዕሉ ላይ ፊቱን ያዞረው ከካርዱ ወደ ውጭ ነበረ። ወደ ጽሑፉ ቢመለከት ይሻላል ብዬ በኮምፒዩተር ሥዕሉን እንደ መስተዋት ገለበጥሁት። 150 ካርድ ታተመ። የመጀመሪያውን ለእማማ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱና፣ «አያቴ ግራኝ አልነበሩም» አሉ።

ተመለከትሁ። ጋሻው በቀኝ ክንድ፣ ጦሩ በግራ እጅ፣ ጎራዴውም በግራ ጎን ሆኗል። በአገራችን ደንብ ግን ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ነው፤ ጋሻ በግራ ክንድ ስለሚያዝ፣ በቀኝ ያለውን ጎራዴ ሲመዙ ጋሻው አያሰናክልም። እማማ ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአያታቸውን አሮጌ ፎቶግራፍ ብቻ በጣታቸው አመለከቱኝ። ጎራዴው በቀኝ ነው። ያን ሁሉ ቡና የጠጣሁት ከዚያ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጬ ነበር።

በክበባችን ብርቱ ክርክር ሆነ። አንዳንዶቹ፣ «ማን ያስተውለዋል? ይሸጥ» አሉ። እኔ ግን ለምዱን የተዋስሁት በስሜ ስለ ሆነ፣ እማማ ያልተቀበሉትን ካርድ ለሰው ልሸጥ አልቻልሁም። ከብዙ ክርክር በኋላ ትክክለኛው እንደ ገና ታተመ፤ ልንገዛ ካሰብናቸው መጻሕፍትም ግማሹን ብቻ ገዛን። ክበቡ ያልተደሰተብኝ መሆኑን አልሸሽግም።

የተበላሹት ካርዶች በቁም ሣጥናችን ውስጥ አሉ፤ ጀርባቸው ነጭ ስለ ሆነ ማስታወሻ እንጽፍባቸዋለን። ለሚመጣው እንቍጣጣሽ ያሰብነው በርኖስ የለበሰ ባላባት በበቅሎ ላይ ተቀምጦ ነው። በርኖሱን አግኝተናል፤ በቅሎ ያላቸው ወላጅ ቢኖሩ ለክበባችን እንዲያስታውቁን በትሕትና እንለምናለን።