የመልካም ስብሰባ መቅድሙ አጀንዳ ነው

የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በብዙ ሰዎች እጅ የሚከናወን እንደ መሆኑ መጠን፣ አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳያውቅ፣ አንዱ የወሰነውን ሌላው ሳይሰማ ሊቃና ስለማይችል፣ ሠራተኞች በየጊዜው ተሰብስበው መምከራቸው የግድ ነው። ስብሰባ በዛብን የሚል ሰው ቢኖርም የሚነቅፈው ምክርን አይደለም፤ መነሻው ሳይታወቅ፣ መድረሻው ሳይለይ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ እስከ ቀትር የሚዘልቀውንና በመጨረሻው «በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን» ተብሎ የሚበተነውን ልማድ ነው። ይህ ልማድ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ በኩባንያም፣ በማኅበርም ውስጥ ሥር ሰዷል። መድኃኒቱ ግን የረቀቀ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ስብሰባውን የሚጠራው ሰው፣ የሚጠሩት ሰዎች ከመምጣታቸው አስቀድሞ፣ የሚመክሩበትን ጉዳይ በኅሊናው አጥርቶ፣ ለየጉዳዩ ጊዜ ለክቶ፣ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ቢሰጣቸው የስብሰባው ግማሽ ሥራ ያን ጊዜ ተፈጽሟል።

የሚባክነውን ጊዜ በቁጥር ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። 20 ሰዎች ለ3 ሰዓት ቢቀመጡ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው 3 ሰዓት ሳይሆን 60 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ እንግዲያስ ያ አንድ ማለዳ የአንድን ሰው ሙሉ ሳምንትና በዚያም ላይ አንድ ቀን ተኩል ወስዷል ማለት ነው። ገንዘብ ያዥ ይህን የሚያህል ደመወዝ ያለ ማስረጃ ከካዝና ቢያወጣ ኦዲተር ይጠይቀው ነበር፤ ጊዜ ግን እንዲሁ ሲወጣ የሚጠይቅ ስለሌለ፣ የሚጠራው ሰው ራሱ የራሱ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይገባዋል።

ጉባኤ አስቀድሞ ጥያቄው ተለይቶ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚቃና የሚያስረዳ ጥንታዊ ምሳሌ ብንፈልግ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የተጻፈው የኢየሩሳሌም ጉባኤ ይበቃናል። ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ካልተገረዙ ሊድኑ አይችሉም ብለው በማስተማራቸው በአንጾኪያ ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ጳውሎስና በርናባስም ከሌሎች ጋር ሆነው ይህንኑ ጥያቄ ይዘው በኢየሩሳሌም ወደሚኖሩት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ተላኩ። ጉባኤው ስለ ምእመናን ጠቅላላ ሁኔታ እንዲነጋገር አልተጠራም፤ ከአሕዛብ የመጡት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚል፣ መልሱ ሊወሰን የሚችል አንድ የተለየ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላ ጴጥሮስ ተናገረ፤ በርናባስና ጳውሎስ በአሕዛብ መካከል ያዩትን መሰከሩ፤ ያዕቆብ የሁሉንም ቃል ሰምቶ ሲያበቃ በመጨረሻ የውሳኔውን ሐሳብ አቀረበ፤ ውሳኔውም በደብዳቤ ተጽፎ፣ ይሁዳና ሲላስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ሆነው እንዲያደርሱት በስም ተመረጡ። የተለየ ጥያቄ፣ የሚያውቁ ሰዎች ምስክርነት፣ በጊዜው የመጣ ማጠቃለያ፣ የተጻፈ ውሳኔ፣ በስም የታወቀ ፈጻሚ፤ የዛሬውም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ቢጎድለው ይሰናከላል።

በኋለኛው ዘመን የስብሰባን ሥርዓት በመጽሐፍ ያደራጀው ሰው ወደዚህ ጥናት የገባው ችግር አስገድዶት ነው። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለው የአሜሪካ ሠራዊት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኒው ቤድፎርድ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተደረገውን ስብሰባ እንዲመራ ሳያስበው ተጠየቀ፤ ሥርዓቱን አያውቅም ነበርና ስብሰባው ከእጁ አምልጦ በሁከት ተሞላ። ከዚያ ወዲያ የስብሰባን ሕግ ሳይማር በሌላ ጉባኤ ላይ ላለመገኘት ወስኖ መጻሕፍት ይመረምር ጀመር፤ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በተዛወረ ጊዜም ከየግዛቱ የመጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን ልማድ እንደ ሕግ እየቆጠሩ ሲከራከሩ አይቶ፣ ለሁሉም የሚሆን የስብሰባ ደንብ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1876 አሳተመ። በእርሱ ሥርዓት መሠረት ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተነቦ ይጸድቃል፤ ቀጥሎ የኃላፊዎችና የኮሚቴዎች ሪፖርት ይሰማል፤ ከዚያ ሳይፈጸም ያደረው ጉዳይ ይነሣል፤ አዲሱ ጉዳይ በመጨረሻ ይመጣል። ይህም ጉባኤ የቀደመ ዕዳውን ሳይከፍል አዲስ ዕዳ እንዳይገባ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው።

በአገራችንም ባንኮችና ሌሎች አክሲዮን ማኅበራት ባለአክሲዮኖቻቸውን በጋዜጣ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲጠሩ፣ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ነግረው አይተዉም፤ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሪፖርት፣ የውጭ ኦዲተር ሪፖርት፣ የትርፍ አደላደል እያሉ አጀንዳውን በተራ ቁጥር ዘርዝረው ያወጣሉ። ባለገንዘቡ ድምፁን የሚሰጥበትን ጉዳይ አስቀድሞ እንዲያውቅ መደረጉ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለው ክብር ለባለአክሲዮን ከተሰጠ፣ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ለሚሰጠው ሠራተኛ የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ የተዘረዘረው ሁሉ መልካም አጀንዳ አይደለም። በመጥሪያ ደብዳቤዎቻችን ላይ የሚበዛው ጉድለት ጉዳዩን በስሙ ብቻ መጥራት ነው። «ስለ ተሽከርካሪዎች» ተብሎ የተጻፈ አጀንዳ ለተሰብሳቢው የሚነግረው ነገር የለም፤ አንዱ ስለ ነዳጅ፣ ሌላው ስለ ሾፌሮች አበል፣ ሦስተኛው ስለ ጋራዡ በር አስቦ ይመጣና ሦስቱም ሳይገናኙ ይውላሉ። «ሁለቱ አሮጌ መኪናዎች ይጠገኑ ወይስ በጨረታ ይሸጡ?» ተብሎ ቢጻፍ ግን፣ የጋራዡ ኃላፊ የጥገናውን ወጪ፣ የሒሳብ ክፍሉ የመኪናዎቹን የመዝገብ ዋጋ፣ የንብረት ክፍሉ የጨረታውን አካሄድ ይዘው ይመጣሉ፤ ምክራቸውም ገና ሳይጀመር ወደ ፍጻሜው መንገድ ይዟል። ስብሰባ የሚጠራው ሰው ጉዳዩን በጥያቄ መልክ ለመጻፍ ቢቸገር፣ ጉዳዩ ገና በራሱ ልቡና አልበሰለምና ሰው ከመጥራት ይቆይ።

ከጥያቄው ቀጥሎ ለየጉዳዩ ሦስት ነገሮች ሊጻፉ ይገባል። የመጀመሪያው ጉዳዩ የቀረበበት ዓላማ ነው፤ ይኸውም ለማሳወቅ ነው፣ ለምክር ነው ወይስ ለውሳኔ ነው የሚለው ነው። ውሳኔው አስቀድሞ በበላይ አካል የተሰጠ ከሆነና ሠራተኛው እንዲያውቀው ብቻ ከተፈለገ፣ እንደ ምክር አቅርቦ የሰውን ሐሳብ መጠየቅ ድካሙን መናቅ ነው፤ ሰዎችም በሚቀጥለው ጊዜ አፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ጉዳዩን አስረድቶ ሐሳብ የሚያቀርበው ሰው ስም ነው። ሦስተኛው የተወሰነለት ጊዜ ነው፤ 10 ደቂቃ የሚበቃውን 10፣ 40 የሚያስፈልገውን 40 ብሎ መወሰን ለተናጋሪው ልጓም፣ ለሰብሳቢውም ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ሰብሳቢው አንድን ሰው «ይብቃዎት» ሲለው ስለ ጠላው ሳይሆን ሁሉም አስቀድሞ ያየው ወሰን ስለ ደረሰ ነውና ቅሬታ አይፈጠርም።

የጉዳዮቹም ቅደም ተከተል ለዕድል የሚተው ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ለትምህርት እንዲሆን ያሰበውን አንድ የገንዘብ ኮሚቴ ይተርክልናል። ኮሚቴው 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ በ2 ደቂቃ ተኩል ያጸድቃል፤ ለሠራተኞች ብስክሌት ማቆሚያ በ350 ፓውንድ በሚሠራው ዳስ ላይ ግን 45 ደቂቃ ይከራከራል፤ በዓመት 21 ፓውንድ በሚያስወጣው ቡና ላይ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስለ አቶሚክ ኃይል የሚያውቅ ጥቂት ሰው ስለ ሆነ የማያውቀው አላውቅም ማለትን አፍሮ ዝም ይላል፤ ስለ ዳስና ስለ ቡና ግን ሁሉም ሊናገር ይችላል። በእኛም ዘንድ የዓመቱ በጀት በጭብጨባ አልፎ የሻይ ቤቱ ወንበር ቀትርን ሲያሳልፍ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከባዱ ጉዳይ ልብ ሳይደክም፣ ሆድ ሳይራብ በመጀመሪያ ይቅረብ፤ ቀላሉም በአጭር ጊዜ ተወስኖለት በኋላ ይምጣ። ከባዱንም ጉዳይ የማያውቁት ሰዎች ዝም እንዳይሉ፣ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ማብራሪያ ከአጀንዳው ጋር ቢያንስ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ይድረሳቸው።

የተላከው ጽሑፍ አይነበብም የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አማዞን የተባለው ታላቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የያዘው፣ ለዚህ ችግርም የሚበጅ ሥርዓት፣ በስላይድ የሚደረገውን ገለጻ ከከፍተኛ አመራሩ ስብሰባ አስቀርቶ፣ ጉዳዩ ከ6 ገጽ ባልበለጠ ሐተታ እንዲጻፍና ተሰብሳቢዎቹ በስብሰባው መጀመሪያ በጸጥታ እንዲያነቡት ማድረግ ነው። በየመሥሪያ ቤታችንም የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ለንባብ መስጠት ወጪ የሌለው፣ ትርፉ ግን ብዙ የሆነ ሥርዓት ነው።

የሚጠሩትም ሰዎች እንደ ጉዳዩ ሊመረጡ ይገባል። የኢንቴል ኩባንያ መሪ የነበረው አንድሪው ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የሥራ አመራር መጽሐፍ፣ ለውሳኔ የሚቀመጡት ሰዎች ከ6 ወይም ከ7 ባይበልጡ መልካም እንደ ሆነ፣ 8 ደግሞ የመጨረሻው ወሰን እንደ ሆነ ጽፏል። በአገራችን ሰው ካልተጠራ የተናቀ መስሎት ቅር ስለሚሰኝ ሁሉን መጥራት ተለምዷል፤ ነገር ግን አጀንዳው አስቀድሞ ለሁሉ ቢታወጅና ውሳኔው በኋላ ለሁሉ ቢገለጥ፣ በሥራው ላይ የቀረው ሠራተኛ መከበሩን ይረዳል።

በአጀንዳችን መጨረሻ ላይ ዘወትር የማይጠፋው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚለው ተራ ብዙ ስብሰባዎችን ያበላሸ ነው። ማንም ያልተዘጋጀበት ከባድ ነገር በዚህ በር ገብቶ፣ ሰው በደከመበት ሰዓት፣ ግማሹም በወጣበት ወቅት ይወሰናል። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም እንደሚባለው፣ ሰብሳቢው በዚህ ተራ የሚነሣውን ጉዳይ መዝግቦ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያሳድረው እንጂ፣ ሊዘገይ የማይችል ካልሆነ በቀር እዚያው ውሳኔ አይስጥበት።

ሰብሳቢው አጀንዳውን ካዘጋጀ በኋላ ጠባቂው መሆን አለበት። በተባለው ሰዓት ይጀምር፤ የዘገየውን ሲጠብቅ በሰዓቱ የመጣውን ይቀጣልና። «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» እያለ የተባለውን የሚደግመውን በትሕትና ያሳጥር፤ ከጥያቄው የወጣውን ወደ ጥያቄው ይመልስ። በባህላችን ታናሽ በታላቅ ፊት ለመናገር ይፈራልና፣ አስቀድሞ ለታናሾቹ ዕድል ይስጥ፤ የራሱንም ሐሳብ ያዕቆብ እንዳደረገው በመጨረሻ ያቅርብ። አለቃ አስቀድሞ ከተናገረ ጉባኤው ምክር መሆኑ ይቀርና ማጽደቂያ ይሆናል።

የስብሰባው ፍጻሜ ቃለ ጉባኤው ነው። «በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ የሚመለከተው ክፍል ክትትል እንዲያደርግ ተወስኗል» የሚል ቃል ውሳኔ አይባልም፤ የሚመለከተው ክፍል ማን እንደ ሆነ፣ ክትትሉም መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለምና። «የንብረት ክፍል ኃላፊ የጨረታውን ሰነድ አዘጋጅተው እስከ ጥቅምት 15 ቀን ያቀርባሉ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሥራው ባለቤትና ቀን አገኘ፤ የሚቀጥለውም ስብሰባ ከዚህ መዝገብ ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን አጀንዳና ቃለ ጉባኤ እየተያያዙ ሥራውን ከዓመት እስከ ዓመት ይመሩታል፤ ኃላፊ ቢለወጥ እንኳ ተተኪው የተወሰነውንና የቀረውን ከመዝገቡ ያገኛል።

እንግዲህ ሰዎችን የመጥራት ሥልጣን የተሰጠህ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ ከመጥራትህ በፊት ወረቀት አንሥተህ የሚወሰነውን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ፤ ሊጻፍ ካልቻለ ስብሰባውን ተው፤ በደብዳቤ ወይም በስልክ የሚያልቅ ከሆነም በዚያው ጨርሰው። ለስብሰባ የተጠራህም እንደ ሆነ፣ አጀንዳው አስቀድሞ እንዲላክልህ በአክብሮት ጠይቅ፤ በደረሰህም ጊዜ አንብበህና ተዘጋጅተህ ሂድ። የባልንጀራን ጊዜ ማክበር ራሱን ባልንጀራውን ማክበር ነውና፣ ይህን ሥርዓት የያዘ መሥሪያ ቤት ስብሰባው ያንሳል፣ ሥራውም ይበዛል።