የምግብ ቤት ሠራተኞች ለምን ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ? ለማቆየትስ ምን ይበጃል?

በአዲስ አበባ በሚገኙ በርካታ ምግብ ቤቶች በር ላይ "አስተናጋጅ እንፈልጋለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ፀሐይ እስኪያደበዝዘው ድረስ አይነሳም። አዲሷ ተቀጣሪ የምግብ ዝርዝሩንና የቋሚ ደንበኞቹን ፍላጎት በለመደች ማግስት ትለቃለች፤ በምትኳም ሌላ ትፈለጋለች።

ምልልሱ የሚያከስረው ሠራተኛዋን ብቻ አይደለም። ሥራውን ያልለመደ አስተናጋጅ ትዕዛዝ ያሳስታል፤ ደንበኛ ያስጠብቃል። ልምድ ያላት ወጥ ሠሪ ስትሄድ ደግሞ የወጡ ጣዕም አብሯት ይሄዳል፤ የቤቱ ደንበኛም ገና ሲቀምሰው ለውጡን ይለየዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.አ.አ. በ1959 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኛን የሚያስከፉና የሚያተጉ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን አስረድተዋል። ደሞዝ፣ የሥራ ሁኔታና የአለቃ አያያዝ ሲጓደሉ ቅሬታ ይወልዳሉ። መሟላታቸው ግን ብቻውን ትጋትን አያመጣም። ትጋትን የሚያመጡት ዕውቅና፣ ኃላፊነትና የዕድገት ተስፋ ናቸው። ይህ ሐሳብ ለምግብ ቤት ባለቤቶች ሁለት ጥያቄዎችን ያቀርባል፦ ሠራተኛውን የሚያስመርረው ምንድን ነው? ነገ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገውስ?

ደሞዝና ጉርሻ

በኬንያ መንግሥት የሚያወጣው ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አስተናጋጅንና ምግብ አብሳይን በሥራ ዘርፋቸው ይጠቅሳል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ለዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል። በዚህም ምክንያት የብዙ አስተናጋጆች ኑሮ የተመሠረተው ደንበኛ በሚተወው ጉርሻ ላይ ነው።

ጉርሻ ግን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ቤቶችና የክትፎ ቤቶች ገበያ ይቀዘቅዛል፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ መቀመጫ ይጠፋል። የቤት ኪራይ ግን ጾምና ፍስክ አይለይም። ይህን የተረዳ ባለቤት ገበያ በሚቀዘቅዝባቸው ሳምንታት የዓመት ፈቃድን በስምምነት ያዳርሳል፤ ደሞዝ የሚከፈልበትንም ቀን አያዛንፍም።

ሌላው የቅሬታ ምንጭ ክፍፍሉ ነው። ጉርሻውን የሚቀበለው አስተናጋጁ ቢሆንም፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ዕቃ አጣቢው ባይኖሩ ማዕዱ አይቀርብም። በኒው ዮርክ ታዋቂው የምግብ ቤቶች ባለቤት ዳኒ ሜየር ይህንን ልዩነት ለማጥበብ እ.አ.አ. በ2015 ጉርሻን ማስቀረት ጀምረው የምግብ ዋጋ ጨመሩ። በ2020 ግን ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሱ። ሁሉንም ቤት የሚያስማማ አንድ ቀመር ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም የክፍፍሉ ድርሻ በጽሑፍ ሰፍሮ ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ ጥርጣሬ ይቀንሳል።

ሰዓት፣ ዕረፍትና ቅጣት

የኢትዮጵያ ሕግ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድበዋል። ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ከሆነ የመደበኛ ክፍያውን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75 እጥፍ ሊከፈለው ይገባል። በሳምንት የ24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍትም መብቱ ነው።

ሠራተኞችን ክፉኛ ከሚያስመርሩ ልማዶች አንዱ፣ የተሰበረ ብርጭቆንና ሳይከፍል የወጣ ደንበኛን ሒሳብ ከደሞዝ መቁረጥ ነው። ሕጉ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልፈቀደ በስተቀር አሠሪ ደሞዝ መቁረጥ አይችልም። በሚፈቀድበት ጊዜም ቅናሹ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

ማምሻውን ሥራ የሚጨርሱ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ብዙዎቹ ኪራይ ወደሚቀንስበት የከተማ ዳርቻ የሚመለሱት ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። መጓጓዣ ማመቻቸት ወይም የአንድ ሰፈር ልጆችን በአንድ ፈረቃ መመደብ ለደኅንነታቸው ማሰብ ነው።

"ደንበኛ ንጉሥ ነው"፤ እስከ ምን ድረስ?

ሕጉ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ አሠሪም ሆነ የሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ እንዳይፈጽም ይከለክላል። ብዙ ሴት አስተናጋጆች ግን የሚፈተኑት እጁን መሰብሰብ ባቃተው ደንበኛ ነው። በዚያች ቅጽበት ሥራ አስኪያጁ ከማን ጎን እንደሚቆም ሁሉም ሠራተኛ ያስተውላል። "ቻይው፣ ጥሩ ከፋይ ነው" የተባለች ሴት በማግስቱ ሌላ ሥራ ብታፈላልግ አያስገርምም። ጠረጴዛውን ለሌላ አስተናጋጅ መስጠት፣ ካስፈለገም ደንበኛውን ማሰናበት እንደሚቻል አስቀድሞ መወሰን ያሻል።

የነገ ተስፋ

እ.አ.አ. በ1975 በናይሮቢ የተከፈተው የኬንያ ኡታሊ ኮሌጅ ለምሥራቅ አፍሪካ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሠራተኛን ወደ ተቋም ልኮ ማስተማር የሁሉም ቤት አቅም ላይሆን ይችላል። ዕቃ አጣቢውን በትርፍ ሰዓቱ ሽንኩርት አከታተፍ ማስተማር፣ አስተናጋጇን ደግሞ አዲስ ምግብ ለደንበኛ ከመቅረቡ በፊት ማስቀመስ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቀመሰችውን ምግብ በልበ ሙሉነት ታስተዋውቃለች።

የኪራይና የዘይት ዋጋ የሚያስጨንቀው ባለቤት ነገውኑ ደሞዝ መጨመር ይከብደው ይሆናል። የሳምንቱን ፈረቃ አስቀድሞ መለጠፍ፣ ለሠራተኞች ትኩስ ምግብ ማቅረብ፣ ጥፋትን በደንበኛ ፊት ሳይሆን ለብቻ መንገር ግን ከዛሬ ሊጀመሩ ይችላሉ። ለመልቀቅ የወሰነውንም ሠራተኛ "ምን ቢስተካከል ትቆይ ነበር?" ብሎ መጠየቅ፣ በሩ ላይ ሌላ ወረቀት ከመለጠፍ ሊቀድም ይገባል።