በእንግሊዝኛ ለሚቀርቡ የዕለት ተዕለት ሰላምታዎችና ጥያቄዎች ተገቢውን መልስ ስለመስጠት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጎፋና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት የምትዘጋጁ ዜጎች የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንድትሉ እናሳስባለን።

“ሃው አር ዩ” የሚል ሰው እንደ አገራችን ልማድ የቤተሰብንና የጤናን ሁኔታ በዝርዝር መስማት አይጠብቅም፤ “ፋይን፣ ቴንክ ዩ፤ ኤንድ ዩ?” ብሎ መመለስ በቂ ነው። ሰውን ለማናገር ወይም ለማለፍ “ኤክስኪዩዝ ሚ”፣ ለጥፋት ደግሞ “ሶሪ” ይባላል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው በአሉታ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በአማርኛ “ደመወዝ አልተከፈለሽም?” ስንባል “አዎ፣ አልተከፈለኝም” ማለት እንችላለን። በእንግሊዝኛ ግን “የስ” የሚለው መልስ “ተከፍሎኛል” ተብሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ያልተከፈለው ሰው የሚመልሰው “ኖ” ብሎ ነው። “ዱ ዩ ማይንድ” ተብሎ የሚጀመር ጥያቄም “ቅር ይልሃል ወይ” እንደ ማለት ስለሆነ ፈቃድ የሚሰጠው በ“ኖ” ነው። ስለሆነም በአንድ ቃል ከመመለስ ይልቅ “ኖ፣ አይ ዋዝ ኖት ፔይድ” በማለት ሐሳባችሁን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

ያልገባችሁን ንግግር “የስ” ብላችሁ አትለፉ፤ “ካን ዩ ሪፒት፣ ፕሊዝ?” በማለት አስደግሙ። በተለይም ይዘቱን ሳትረዱ በሥራ ውል ላይ አትፈርሙ።