ከሚኒስትሪ እስከ ሲኦሲ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን አራት ዓመታት ይይዛል። ተማሪውን ወደ 9ኛ ክፍል የሚያሳልፈው በ8ኛ ክፍል ማብቂያ የሚሰጠው ክልላዊ ፈተና ነው፤ አዘጋጁ ክልሉ ቢሆንም በምዕራብ ጎጃም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ወላጆች ዛሬም «ሚኒስትሪ» ነው የሚሉት። በሰከላ ገጠር ያደገ ልጅ ሚኒስትሪን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ከቤቱም ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ያለው እንደ ግሽ ዓባይ ባለ የወረዳ ከተማ ስለሆነ ልጆቹ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተሰብ ይሄዱና እሑድ ሳምንቱን የሚያደርስ እንጀራ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ኪራዩንና ስንቁን የሚችል ቤተሰብ ከሌለ ሥርዓተ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢሻሻል ለዚያ ልጅ አልተጀመረም።

ተማሪው 9ኛ ክፍል ከገባ በኋላ ከአማርኛ ትምህርት በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የትምህርቱም ዓይነት ይበዛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስን ወደ 9ኛ ክፍል አውርዶታል፤ ከሒሳብ፣ ከሳይንስ፣ ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጎን የዜግነት ትምህርትና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም አሉ። ኮምፒውተር በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ትምህርት ቤት ይህ የመጨረሻው ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይቀራል።

የ10ኛ ክፍል ነገር ዞር ብሎ ማየትን ይጠይቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ሁለት ሁለት ዓመት አድርጎ ከፈለው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እስከ 2011 ዓ.ም. በ10ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር። ውጤቱ በፊደል ይመጣል፤ ሙሉው 4.00 ሲሆን ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ መሰናዶ ወደሚባለው 11ኛና 12ኛ ክፍል ይገባል፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄዳል። «አሥር ሲደመር ሦስት» የሚባለው ዲፕሎማ ከዚያ የመጣ ነው፤ የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማትም በአንድ ወቅት ሠልጣኝ የሚቀበሉት ከ10ኛ ክፍል ነበር። ፈተናው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረ። በ16 ዓመት ዕድሜ የልጅን ዕጣ መቁረጥ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከ10ኛ ክፍል የሚያቋርጥ ተማሪ ድሮ አገር አቀፍ ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣ ነበር፤ አሁን በእጁ የሚቀረው የትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት ብቻ ነው።

11ኛ ክፍል ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ። ሁለቱም ወደ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያደርሳሉ፤ ሕዝቡ ማትሪክ የሚለውን። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ለሁሉም ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ የተፈጥሮው በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ፣ የማኅበራዊው በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ሲቪክስ ከፈተናው ከወጣ ወዲህ ድምሩ 600 ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹ ያስፈልጋል።

የ50 በመቶው መስፈርት የመጣው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጋር ነው። ከዚያ በፊት የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ እንደ ዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም ይቆረጥ ነበር። የፈተና ስርቆትና መኮራረጅ ስለበዛ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ከየትምህርት ቤቱ አውጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ አደረገ፤ የመጀመሪያው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተካሄደ። ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ገቡ፣ በዶርም አደሩ፣ ስልክ ተከለከሉ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። ልጆቹ በአንድ ሌሊት አልሰነፉም፤ ኩረጃው ሸፍኖት የቆየው ነው የወጣው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ፣ ከመማሪያ ክፍል የራቁት ተማሪዎች በእነዚህ መቶኛዎች ውስጥ እንኳ የሉም።

ግማሹን ላላመጡ ሬሜዲያል የሚባል ዕድል ተከፍቷል። በሚኒስቴሩ የተመረጡ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለወራት የማካካሻ ትምህርት ይወስዱና የማለፊያ ውጤት ካገኙ አንደኛ ዓመት ይጀምራሉ። በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተንም ይቻላል።

ማትሪክ ላይ የሚፈተነውና ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት አንድ አይደለም፤ የሥርዓተ ትምህርቱ ትልቁ ችግርም እዚህ ላይ ይመስላል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርናን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል እንዲማረው አድርጓል፤ መጽሐፍም ተዘጋጅቶለታል። በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ለሚያመርት፣ የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ለተመረቀበት አካባቢ ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት የለም። ሆኖም የግብርና ውጤት በትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል እንጂ ከ600ው ውስጥ አይገባም። ፈተናው ሲቃረብ ተማሪ የማይፈተንበትን መጽሐፍ ያስቀምጣል፤ መምህሩም ክፍለ ጊዜውን ለፊዚክስ ጥያቄ ሥራ ቢለቅለት የሚወቅሰው የለም።

ዩኒቨርሲቲ ላልገባው አብዛኛው ተማሪ የሚቀረው አማራጭ ቴክኒክና ሙያ ነው፤ በአካባቢው ለምሳሌ የቡሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ሥልጠናው ከደረጃ 1 ጀምሮ በየደረጃው የተከፋፈለ ነው፤ ሠልጣኙ በየትኛው እንደሚገባ በማትሪክ ውጤቱ ይወሰናል። አብዛኛው ጊዜ ለተግባር የተመደበ ሲሆን ከፊሉ በፋብሪካና በጋራዥ በትብብር ሥልጠና ያልፋል። ኮሌጁ ማስተማሩን ይጨርሳል እንጂ ብቃቱን አያረጋግጥም። ሲኦሲ የሚባለውን ምዘና የሚሰጠው ሌላ አካል ነው። ተመዛኙ መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሠልጣኝ ከሆነ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያና ብሬከር ይቀርብለትና በተሰጠው ሰዓት መስመር ዘርግቶ አምፖሉን ማብራት አለበት፤ መዛኙ አጠገቡ ቆሞ የእጅ ጓንት ማጥለቁን፣ ኃይል መቆረጡን ማረጋገጡን ሳይቀር ይመዘግባል። በዚህ ምዘና ነጥብ የለም፤ ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ገና ብቁ ያልሆነው ክፍተቱን ሞልቶ ተመልሶ ይመዘናል፣ ብቁ የሆነው የደረጃውን ሰርተፍኬት ይዞ ወደ ሥራ ወይም ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳል።