ከግንዱ ሥር ያለው ጎረቤት

ሳላማንደር በአገራችን የለም። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ሁሉ በዱር ስለማይገኝ አማርኛም ስም አላወጣለትም። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጫካዎች ግን፣ ከእግረኛ መንገድ ዳር በወደቀ ግንድ ሥር ጸጥ ብሎ ይኖራል።

ሲያዩት እንሽላሊት ይመስላል። ዘመድነቱ ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። እንሽላሊት ደረቅና ቅርፊታም ነው፤ ጥፍር አለው፤ ፀሐይ ይሞቃል። እነዚህ ሳላማንደሮች ቆዳቸው ለስላሳና ርጥብ፣ ጣታቸው ጥፍር አልባ ነው፤ ከፀሐይም ይሸሻሉ።

በእነዚህ ጫካዎች በብዛት የሚገኘው ባለ ቀይ ጀርባው ነው። ርዝመቱ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከእርሳስ አይወፍርም። ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳውና በአፉ ውስጥ ባለው ስስ ልባስ ነው። ቆዳው ከደረቀ ስለሚታፈን በድርቅ ጊዜ፣ ከውርጭም ለመሸሽ፣ ወደ መሬት ውስጥ ይገባል። ፈላጊም የሚቀናው በመጋቢት፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ ዝናብ ባራሰው ማግስት ነው።

ስሙ ግን ያሳስታል፤ አንዳንዱ ቀይ መስመር የሌለው፣ ከአናት እስከ ጅራት አመድማ ነው። ስለዚህ ሆዱን ማየት ይበጃል፦ ጥቁርና ነጩ እንደ ሰርገኛ ጤፍ የተቀላቀለ ከሆነ እሱው ነው። በጎኑም፣ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ፣ ብዙውን ጊዜ 19 ያህል ስርጉድ መስመሮች ይቆጠራሉ። ከምንጭ ዳር የተገኘ፣ ከዓይኑ እስከ አፉ ጥግ ፈዛዛ መስመር ያለው፣ የኋላ እግሩም ከፊተኛው የደነደነ ከሆነ ሌላ ወገን ነው። ጥቁር ሆኖ ክብ ክብ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ትልቁ ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ከመሬት በታች ያሳልፋል። የብርዱ ወቅት ሊወጣ ሲል፣ ለብ ባለ የመጀመሪያ የዝናብ ሌሊት፣ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጊዜያዊ ኩሬዎች ይጓዛል።

ግንድ የሚገለበጠው ወደ ራስ ነው፤ ከሥሩ እባብ ቢኖር በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ሳላማንደሩን መያዝ ግድ ከሆነ፣ ቅባትም ሆነ የወባ ትንኝ መከላከያ ያልነካው እጅ በውኃ ይራስ፤ በእጅ ላይ ያለው ሁሉ በቆዳው ይገባልና። ጅራቱን አይያዙ፤ ጥሎት ይሄዳል።

ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በኒው ሃምፕሸር ሁባርድ ብሩክ ጫካ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጽሑፍ፣ የሳላማንደሮቹ ጠቅላላ ክብደት በመራቢያ ወቅት ከሚገኙት ወፎች እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከፍታዎች ብቻ የሚኖር፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ዝርያም አለ። በፓርክ ውስጥ ግንድ ከመንካት በፊት ደንቡን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ግንድ ባይነሳ ይመረጣል። በዚያን ጊዜ የባለ ቀይ ጀርባው እናት በግንዱ ጎድጓዳ ውስጥ በጥቂት ዕንቁላሎቿ ዙሪያ ተጠቅልላ ለሳምንታት ትጠብቃለች፤ ከተረበሸች ጥላቸው ልትሄድ ትችላለች። በሌላውም ጊዜ ቢሆን፣ መጀመሪያ ግንዱን እንደነበረው ይመልሱ፤ ከዚያ ሳላማንደሩን አጠገቡ ያስቀምጡት። ራሱ ይገባል።